መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?

አጎቴ የወረባቦ ገበሬ ነው። ከኮምቦልቻ ገበያ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ተገልብጣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ፤ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። በአካባቢያችን ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ብረት ገባለት። ሁሉም ደህና መስሎን ነበር። በስድስተኛው ቀን ግን ቁስሉ እዥ ቋጠረ፤ ትኩሳቱም ሌሊት ሌሊት ያንቀጠቅጠው ጀመር። ናሙና ተወሰደ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ወጣቱ ሐኪም ወረቀት ይዞ መጣና፣ «አባባ፣ ቁስልዎ ውስጥ ያለው ጀርም መድኃኒት የተላመደ ነው፤ የምንሰጥዎትን መርፌ መቀየር አለብን» አለው።

አጎቴ ሐኪሙን ትክ ብሎ አየው። «ወላሂ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኪኒን የዋጥኩበትን ቀን በጣቴ ልቆጥርልህ እችላለሁ። መቼ ነው የለመድኩት?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ሰላሳ ምናምን ሕመምተኛ ይጠብቀው ስለነበር አብራርቶ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። መልሱን ለማግኘት ስል ያነበብኩትንና ከላቦራቶሪ ባለሙያዎች የሰማሁትን ነው እዚህ የማካፍለው።

ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። በአማርኛችን የሚለምደው ሰው ነው። ሰው ቡና ይለምዳል፤ አቦሉ የዘገየ ዕለት ራሱን ያመዋል። ሰው ጫት ይለምዳል፣ ቀዬ ይለምዳል፣ ችግርም ይለምዳል። ስለዚህ «መድኃኒት መላመድ» ሲባል አእምሯችን የሚያቀርብልን ሥዕል ኪኒን ደጋግሞ የዋጠና ሰውነቱ ኪኒኑን የናቀበት ሰው ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የቆሙ እናት ይህንኑ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። «ልጄ፣ ያቺን የጉሮሮዋን አሞክሳሲሊን ስድስት ፍሬ ስጠኝ።» «እማማ፣ ማዘዣ ይዘዋል?» «ያምና የታዘዘልኝ አለ፤ እሱው አይበቃም? ድሮ ሦስት ፍሬ ነበር የሚያድነኝ፤ አሁን ሰውነቴ ለምዶት ስድስት ካልሆነ አይሠራልኝም።»

የእማማ ሰውነት ምንም አልለመደም። የሰው ሰውነት ለአንቲባዮቲክ የሚያሳየው እንዲህ ያለ መላመድ የለም። መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያው ነው። ነገሩን ጠበቅ አድርገን ካየነው ደግሞ አንዷ ባክቴሪያም ቢሆን ቀስ በቀስ «አትለምድም»። የሚሆነው ሌላ ነው። አንዲት ባክቴሪያ ምቹ ምግብና ሙቀት ካገኘች በ20 ደቂቃ ገደማ ሁለት ትሆናለች። ሳትደናቀፍ 10 ሰዓት ብትራባ ቁጥሯ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። በዚህ ሁሉ መራባት መካከል የዘር መመሪያዋ ሲገለበጥ ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስሕተት ጥቅም የለውም። አንዳንዱ ግን በአጋጣሚ ባለቤቱን ከመድኃኒት የሚያስጥል ይሆናል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌሎቹ ያልቃሉ፤ ያቺ አንዷ ትተርፋለች፤ የተለቀቀውን ቦታም ልጆቿ ይወርሱታል።

አጎቴ በሚያውቀው ነገር ልናገር። የስንዴ ማሳ ውስጥ እንክርዳድ ጣል ጣል ብሏል እንበል። አንድ ጅል አራሚ ገብቶ ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን ትቶ ቢወጣ በመጪው ዓመት ማሳው ምን ይመስላል? አንቲባዮቲክ ያለ ቦታው ሲወሰድ የሚሠራው ይህን ነው። አንጀታችን ውስጥ፣ ቆዳችን ላይ፣ አፍንጫችን ውስጥ የሚኖሩትና ቦታ ይዘው ክፉውን የሚከላከሉልን ገራም ባክቴሪያዎች እንደ ስንዴው ይነቀላሉ፤ የማይሞተው ብቻውን ይሰፋል። ጉንፋን የያዘው ሰው አሞክሳሲሊን ሲውጥ ጉንፋኑ ቫይረስ ስለሆነ ንክች አይልም፤ ማሳው ግን ታርሟል።

ባክቴሪያው ከመድኃኒቱ የሚያመልጥበት ዘዴ ብዙ ነው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የባክቴሪያውን ግንብ ግንበኛ እያሰናከሉ ነው የሚገድሉት፤ የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግንብ ስለሌለው አይጎዳም። አንዳንዱ ባክቴሪያ ታዲያ መድኃኒቱን እንደ መቀስ የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሠራል። ሌላው መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ያጠብባል፤ ሌላው የገባውን እየቀዳ ወደ ውጭ የሚደፋ ፓምፕ አለው፤ ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ የሚይዘውን መያዣ ቅርጽ ይለውጣል። በሆስፒታሎቻችን ውስጥ ትልቁን ራስ ምታት ያመጣው መቀሱ ነው። መጀመሪያ ፔኒሲሊንን ብቻ ይቆርጥ የነበረው ኢንዛይም ዓይነቱ በዝቶ ዛሬ ሴፍትሪያክሶንን የመሰሉትን ሦስተኛ ትውልድ መድኃኒቶች ይቆርጣል። ከዚያም አልፎ የመጨረሻ መጠባበቂያ የሚባለውን ሜሮፔነምን የሚቆርጥ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ባክቴሪያ ወደ ልጆቹ ብቻ ቢተላለፍ ኖሮ ጉዳዩ ባልከፋ። ባክቴሪያዎች ግን በዝምድና አይታጠሩም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ የምታውቁ፣ ስሙ ከምን እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ማንም ማንንም ሳይጠየፍ በአንድ ላይ የሚበላበት ነው። የባክቴሪያዎች ዓለም አንድ ትልቅ አይጠየፍ ነው። ፕላዝሚድ የምትባል የቀለበት ቅርጽ ያላት ትንሽ የዘረ-መል ቁራጭ አለች፤ መድኃኒት የመቋቋሙ ምሥጢር የተጻፈው ብዙ ጊዜ እሷ ላይ ነው። አንጀት ውስጥ የምትኖር አንዲት ክፉም ደግም ያልሆነች ኢ. ኮላይ ይህችን ቀለበት ገልብጣ ክሌብሲየላ ለሚባል ሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ታቀብላለች። አንዷ ቀለበት ላይ የአምስት የስድስት መድኃኒት መቋቋሚያ አብሮ ሊጻፍ ይችላል። በአንድ ቅብብል ስድስት መድኃኒት ከሐኪሙ እጅ ይወጣል ማለት ነው።

ነገሩ ድንገት የደረሰብን አይደለም። ፔኒሲሊን ለሕመምተኞች በሰፊው ከመዳረሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የሚቆርጠው ኢንዛይም በተመራማሪዎች ተገልጾ ነበር። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱ በማንም እጅ ገብቶ አነስተኛ መጠን የሚወስድ ሰው ጀርሙን ከመግደል ይልቅ እንዲቋቋም እንደሚያስተምረው አስጠንቅቋል። ፔኒሲሊንን የተቋቋመውን ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ለመምታት ሜቲሲሊን የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1959 መጣ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ እሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ እንግሊዝ አገር ተገኘ። መድኃኒት ፈጣሪው ዓመታት የሚፈጅበትን ባክቴሪያው በሁለት ዓመት ይመልሳል። ይህን ሩጫ በሩጫ ብቻ እናሸንፋለን ብሎ ማሰብ፣ በበኩሌ፣ የዋህነት ይመስለኛል።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ። እሱ ካልለመደ ጀርሙ ከየት መጣ?

ከሆስፒታሉ። ይህን ስል ሆስፒታሉን ለመክሰስ አይደለም። ሆስፒታል በተፈጥሮው ሦስት ነገሮች የሚገናኙበት ቤት ነው። አንደኛ፣ ከየትኛውም ቦታ የበለጠ አንቲባዮቲክ በየቀኑ የሚፈስበት ስለሆነ ለማይሞተው ባክቴሪያ የታረመ ማሳ ነው። ሁለተኛ፣ በር የተከፈተበት ሰውነት ይበዛበታል፤ ቁስል፣ ክንድ ላይ የተሰካ ካኑላ፣ የሽንት ቱቦ፣ መተንፈሻ ቱቦ፣ ሁሉም ቆዳ ይጠብቀው የነበረውን ደጃፍ ይከፍታሉ። ሦስተኛ፣ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው የሚዞር እጅ አለ። የሐኪሙ እጅ፣ የነርሷ እጅ፣ የጽዳት ሠራተኛው እጅ፣ የእኛ የአስታማሚዎች እጅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሕመምተኞች ውስጥ በበለጸጉ አገሮች 7ቱ፣ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ ይዘውት ያልመጡትን ኢንፌክሽን እዚያው ይይዛቸዋል።

አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ለዚህ ሕይወት የተፈጠሩ ይመስላሉ። አሲኔቶባክተር የሚባለው ደረቅ ገጽ ላይ ለሳምንታት፣ አልፎም ለወራት በሕይወት ይቆያል። የአልጋ ብረት፣ የግሉኮስ መስቀያ፣ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ፣ የበር እጀታ ሁሉ ይስማማዋል። አሜሪካውያን ወታደሮች ከኢራቅ ጦር ሜዳ ቆስለው ሲመለሱ ቁስላቸው በዚህ ባክቴሪያ ተበክሎ ሲገኝ መጀመሪያ የተጠረጠረው የበረሃው አፈር ነበር። ሲመረመር ግን ዋናው ምንጭ የታከሙባቸው የጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ራሳቸው ሆነው ተገኙ።

«የለመደው ሕመምተኛው ነው» የሚለውን እምነት ከሥሩ የሚነቅለው ማስረጃ ያለው በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። የሁለት ቀን ልጅ ምን ለምዶ ያውቃል? ከማዘዣ ውጭ አልገዛም፣ ጀምሮ አላቋረጠም። ግን በአፍሪካና በእስያ 7 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነና ከእኛ አገር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በተሳተፈበት ጥናት፣ የጨቅላዎችን ደም ከበከሉት ባክቴሪያዎች ቀዳሚው ክሌብሲየላ ሆኖ ተገኝቷል። ከተገኙት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ ደግሞ ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት በመጀመሪያ የሚታዘዘውን አምፒሲሊንን ይቋቋማሉ። እነዚህ ልጆች የወረሱት ሌላው የለመደውን ነው። አንዱ ከእናቱ፣ አንዱ ከማሞቂያው ፍራሽ፣ አንዱ በጥድፊያ ካልታጠበ እጅ።

ስለ አስታማሚ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ስለዚህ ጉዳይ ከሌላ አገር የሚመጣ መመሪያ ሁሉ አስታማሚ የሚባል ፍጥረት መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም። ወሎ ውስጥ ሰው ታምሞ አለመጠየቅ ነውር ነው። ጠያቂው ዱአ እያደረገ ይገባል፣ የሕመምተኛውን እጅ ይስማል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ከጎን የተኛውን የማያውቀውን ሰውም «እግዜር ይማርህ» ብሎ ዳብሶት ይሄዳል። አስታማሚው ደግሞ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ የሽንት ከረጢት ይደፋል፣ ያጎርሳል፤ የጎረቤት አልጋው ሕመምተኛ ሰው ከሌለው እሱንም ይደግፋል። እኔ ራሴ በአጎቴ ክፍል ውስጥ በአንድ ጠዋት የሦስት ሰዎች ትራስ አስተካክያለሁ፤ እጄን የታጠብኩት ግን ቁርስ ሊቀርብ ሲል ብቻ ነበር። ቡና ልንጠጣ ስንል ታጥበን ሕመምተኛ ልንነካ ስንል የማንታጠበው ለምን እንደሆነ ሳስበው፣ እጅ መታጠብን ከምግብ ጋር እንጂ ከንክኪ ጋር አያይዘን ስላላደግን ይመስለኛል። ደግነታችን ይቅር የሚል የለም። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሻገር በሳሙና ወይም በአልኮል በኩል ይለፍ ነው የምለው።

በሳሙና ለመታጠብ ግን ውኃ ያስፈልጋል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ደመና የሚወርድባት ከተማ ሆና ቧንቧዋ በፈረቃ መሆኑ የነዋሪው የዘወትር ምሬት ነው። ውኃ በጠፋበት ቀን ነርስን እጅሽን ለምን አልታጠብሽም ብሎ መውቀስ አይገባም። የአልኮል ማጽጃ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው። እጁ በዓይን የሚታይ ቆሻሻ ከሌለበት ያለ ውኃ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ባክቴሪያውን ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመሩን ለሁሉም ሰጥቷል፤ 80 በመቶ ኢታኖል፣ ጥቂት ግሊሰሮል፣ ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ። የሆስፒታል ፋርማሲ ራሱ ሊቀምመው ይችላል፤ ኢታኖሉን ደግሞ ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ያመርታሉ። በኮሮና ጊዜ እጁን በአረቄ ያሸ ሰው አውቃለሁ። የአረቄ ጥንካሬ ለዚህ አይበቃም፤ ሽታው ብቻ ነው የሚተርፈው።

የሚቀጥለው ጥያቄ ሐኪሙ የትኛው ጀርም እንደሆነ እንዴት ያውቃል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ ይገምታል። ለማወቅ ካልቸር የሚባለው ምርመራ ያስፈልጋል። ከቁስሉ፣ ከሽንቱ ወይም ከደሙ ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያ የሚወደው ምግብ በተዘጋጀበት ሳህን ላይ ይዘራል። ከሳህኖቹ አንደኛው ዓይነት የበግ ደም የተቀላቀለበት ነው፤ ስለዚህ ይህን የሚሠራ ላቦራቶሪ በግ ማግኘት አለበት። ለወሎ ይህ ከባድ አይደለም። ሳህኑ እንደ ሰው ሰውነት በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ባክቴሪያው ነጠብጣብ ሆኖ ይበቅላል። ዓይነቱ ከተለየ በኋላ በሌላ ሳህን ላይ እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ በላዩም እያንዳንዳቸው የተለያየ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጣሉ። እንደገና ያድራል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ በሚሊሜትር ይለካል። የማይሠራ ከሆነ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ በቅሎ ይገኛል። እንግዲህ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጀው ለዚህ ነው። በመካከል መብራት ከጠፋና ሣጥኑ ከቀዘቀዘ እንደ አዲስ ነው።

ደሴ በዚህ ሥራ ጀማሪ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2010 በደሴ ክልላዊ ላቦራቶሪ ከሕመምተኞች የተገኙ 446 የኢ. ኮላይ ናሙናዎች ውጤት ተሰብስቦ ታትሟል። 86 በመቶው አሞክሳሲሊንን፣ 72.6 በመቶው ቴትራሳይክሊንን ይቋቋም ነበር። በሰኞ ገበያው መድኃኒት ቤት እማማ የጠየቁት መድኃኒት እዚሁ ከተማ ላይ፣ በዚህ ባክቴሪያ ላይ፣ ያኔውኑ አብዛኛው ጉልበቱ አልቆ ነበር ማለት ነው። በዚያው መዝገብ ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው አሮጌና ርካሽ የሽንት ቧንቧ መድኃኒት 96.4 በመቶ ያህሉን ይመታ ነበር። ካልቸር የሚያስፈልገው መጥፎ ዜና ለመስማት ብቻ አይደለም። የተረሳ ርካሽ መድኃኒት አሁንም እንደሚሠራ የሚነግረንም እሱ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የውጊያ ቀጠና ሲሆኑ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መሣሪያዎቹ ተወሰዱ፣ ተሰበሩ። ይህን የማነሳው ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። የተዘረፈ ሆስፒታል ሐኪሙ በግምት ብቻ የሚሠራበት ሆስፒታል ስለሆነ ነው። የጥይት ቁስል በበዛበት፣ ውኃና መብራት በተቋረጠበት፣ ናሙና የሚዘራበት ሳህን በጠፋበት ጊዜ ያለው አማራጭ ሰፊ ጉልበት ያለውን መድኃኒት ለሁሉም መስጠት ነው። ሰፊ ጉልበት ያለው መድኃኒት ደግሞ ሰፊውን ማሳ ያርማል።

በአገራችን ሆስፒታሎች ይህ ሰፊ መድኃኒት ስም አለው፤ ሴፍትሪያክሶን ነው። በቀን አንዴ ይሰጣል፣ በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋው አይከፋም፣ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይመታል። ሐኪም ቢወደው አይፈረድበትም። ደሙ በባክቴሪያ የተመረዘ ሕመምተኛ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ካልቸሩን ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስሕተቱ በግምት መጀመሩ አይደለም። ናሙና ሳይወሰድ መጀመሩና ውጤት ከመጣ በኋላም አለመቀየሩ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚቀጥለው መርፌም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ንጹሕ ቀዶ ጥገና ላይ ኢንፌክሽን ለመከላከል የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት እንዲሰጥና ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንዳይራዘም ይላል። እኛ ግን መርፌ ካልቀጠለ «ችላ ተባልን» ብለን ሐኪሙን የምንጎተጉት ቤተሰቦች ነን። እኔም ጎትጉቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል። እንደ አሞክሳሲሊን ያሉት በቅድሚያ የሚታዘዙ፣ እንደ ሴፍትሪያክሶን ያሉት በጥንቃቄ የሚታዩ፣ እንደ ኮሊስቲን ያሉት ሌላው ሁሉ ሲያቅት ብቻ የሚነኩ ናቸው። ኮሊስቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ለዓመታት ወደ ጎን ተትቶ የነበረ መድኃኒት ነው፤ ወደ እሱ መመለሳችን ራሱ የደረስንበትን ይናገራል። እሱንም የሚያሸንፍ ዘረ-መል በፕላዝሚድ ላይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆኗል።

ስለ መድኃኒት ቤቶች ብዙ ማለት አያሻም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሁላችንም የምናውቀውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። «ጀምረህ ጨርስ» ስለሚለው ምክር ግን አንድ ማስተካከያ አለኝ። ለሳንባ ምች ወይም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ድሮ ከሚሰጠው ያጠረ ሕክምና ያው ውጤት እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ መራዘም በራሱ በጎነት አይደለም። ቁም ነገሩ ማሳጠሩንም ማስረዘሙንም ለሐኪሙ መተውና ትርፍ ፍሬ መሳቢያ ውስጥ አለማስቀመጥ ነው። ቲቢ ከዚህ ውጭ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚራባና የሚደበቅ ጀርም ስለሆነ ወራት ይፈልጋል፤ ተቋርጦ የተመለሰው ምን እንደሚመስል ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲያስታምሙ የኖሩ ቤተሰቦች ያውቁታል።

ከሆስፒታል አጥር ውጭ ያለው ሌላ ሰፊ ታሪክ ስለሆነ አልገባበትም። ኮምቦልቻን ለሚያውቅ ግን አንድ ነገር ብቻ ልበል። የቦርከና ወንዝ የፋብሪካውንም የከተማውንም ፍሳሽ ይቀበላል። ፍሳሽ ማለት የአንጀት ባክቴሪያና የመድኃኒት ቅሪት የሚገናኙበት፣ አንዳንዴም ለባክቴሪያው መቋቋምን የሚያስተምሩ ብረታ ብረቶች የሚጨመሩበት ውኃ ነው። ለዶሮና ለከብት የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም የሰዎቹ ቴትራሳይክሊን ወንድም ነው። አይጠየፉ እዚያም ክፍት ነው።

የጉዳቱ መጠን በዓለም ደረጃ ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ በተያያዥነት ደግሞ 4.95 ሚሊዮን። ከሁሉ የከፋው ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። የሚገርመው ይህ የሆነው አፍሪካ ከሌላው ዓለም ይልቅ ብዙ አንቲባዮቲክ ስለምትወስድ አለመሆኑ ነው። ውኃው፣ ላቦራቶሪውና ሁለተኛው መድኃኒት ስለሌለ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 አገሮች በተባበሩት መንግሥታት ተሰብስበው ይህንን ሞት እስከ 2030 ድረስ በ10 በመቶ ለመቀነስ ተስማምተዋል። አዲስ መድኃኒት እየተጠበቀ ነው፤ ሲመጣም ደሴ ለመድረስ ዓመታት ይወስድበታል። እስከዚያ በእጃችን ያለው እጃችን ነው።

የአጎቴ ወረቀት ላይ የተጻፈው ክሌብሲየላ ነበር። ከተሞከሩት መድኃኒቶች ውስጥ ጥርት ያለ ክብ የተገኘው በሁለቱ ዙሪያ ብቻ ነው፤ አሚካሲንና ሜሮፔነም። አሚካሲኑ ተመረጠ፤ ኩላሊቱ በየጊዜው እየታየ ተሰጠው። በሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቀው፤ በጠቅላላው ከወር በላይ ተኝቶ በክራንች ወጣ። ከጎኑ ተኝቶ የነበረው የወልዲያ ወጣት የቁስል ምርመራም ያንኑ ጀርም እንዳሳየ የሰማሁት ከልጁ እናት ነው። ማን ከማን እንደወሰደው አይታወቅም። ልጁ ግን ገና ሲመጣ ትራሱን ያስተካከልኩለት እኔ ነበርኩ።

የወጣን ዕለት ዕቃችንን ስንሸክፍ ተተኪው ሕመምተኛ በር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ይጠብቅ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ አንሶላውን ቀየረች፣ ወለሉን ወለወለች። የአልጋው ብረት፣ አጎቴ ለአንድ ወር ቀና ሊል ሲል ሁሉ የሚጨብጠው ያ ብረት፣ እንዳለ ነበር። አጎቴ በክራንቹ ቆሞ አየና፣ «እህቴ፣ ይቺንም እንዲያው ጠረግ አድርጊያት፤ የለመደው እዚህች ላይ ነው አሉ» አላት። ከት ብላ ሳቀች፤ ከባልዲው አጠገብ ያለውን በረኪና አንስታም ጨርቁን ነከረች።